የወገራ ጠፍር፣ የጣና መልሕቅ

ንጋት፣ አምባ ጊዮርጊስ

ወገራ ላይ ንጋት ማለት ብርድ ነው። ሌላ ስም ያወጣለት ሁሉ ከተማ ተቀምጦ የጻፈ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ይንቀጠቀጣል፤ ረዳቱ እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ "ጎንደር! ጎንደር!" ይላል፤ ከአፉ የሚወጣው ጭስ ከመኪናው ጭስ አያንስም። ጣሪያው ላይ ድንች በጆንያ፣ ነጭ ሽንኩርት በጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች። ከሥር እኛ።

አጎቴ አያ ታከለ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ አንድ ጆንያ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ቆመዋል። ጆንያው ይሸታል። ረዳቱም አፍንጫ አለው።

"አባት፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ምራን ነው።"

"ጎንደር ከተማ የሚጠመድ በሬ የለም እኮ።"

"አንተን እጠምድበታለሁ" አሉ አያ ታከለ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ ግን የዋዛ አልነበረም፤ ጆንያውን እንደ ግማሽ ሰው ቆጥሮ አስከፈለን።

ምራን ለማያውቅ አንባቢ፦ ቀንበርን ከሞፈር ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። ከበሬ ቆዳ ይተለተላል፤ እርጥቡን ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። ዝናብ ቢያርሰው እንኳ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይነክሳል። በአያ ታከለ አገር የእሳቸውን ምራን የሚያህል የለም ይባላል። ከሁሉ አብልጠው የሚሉት እሳቸው ናቸው።

የዚህ ጉዞ ምክንያትም ያ ምራን ነው። የአያ ታከለ ልጅ ትርንጎ ጎርጎራ አግብታ ትኖራለች። ባሏ መምህር ነው፤ ጀልባዋ ግን የእሷ ናት፣ የምትነዳውም እሷ ናት። ወደብ ወደሌላቸው የሐይቅ ዳር መንደሮች ሰውና እህል ታመላልሳለች። እንዲህ ላለ ሥራ መልሕቅ የግድ ነው። መልሕቁ በሰንሰለት ይታሰራል፤ የሐይቁ ወለል ድንጋይ ስለሆነ ገመድን ይበላዋልና። ሰንሰለቱ ደግሞ እስከ ጀልባው ድረስ ቢረዝም ክብደቱ አያስችልም፤ ስለዚህ ከመካከል ጀምሮ ገመድ ይቀጠልበታል። ነገር የሚበላሸው ገመዱ ከሰንሰለቱ በሚገናኝበት ቦታ ነው።

አምና ትርንጎ ለበዓል ስትመጣ ሰንሰለቱንና ገመዱን በጆንያ አስጭና መጣች። ማሰር የሚያውቅ አባት እያለ ለምን ሌላ ሰው ይፈለጋል? አያ ታከለ በገዛ ምራናቸው አሰሩት፤ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ እንደ አጥንት ደረቀ። ጎረቤት እየመጣ ጎተተው። አልነቃነቅ አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ትርንጎ መልሕቋን ጥላ ስታድር ነፋስ ተነሣና ጀልባዋ ድንጋይ ላይ ወጣች። ባዶ ነበረች፤ ሰው አልተጎዳም። መልሕቁና ሰንሰለቱ ሐይቁ ውስጥ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የጀልባ ተራ አስከባሪው ጤፍና ሽንኩርት እንጂ ሰው እንዳትጭን ከለከላት። ወሬው ደጋ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፦ የታከለ ምራን ተፈታ። እሳቸው ግን "ሰንሰለቱ ነው የተበጠሰው" አሉ፤ ልጃቸውንም ጠይቀዋት አያውቁም።

በቀደም ትርንጎ ደወለችልኝ።

"ወንድም ዓለም፣ መልሕቄ ወጣ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ያዘባቸው። ሰንሰለቱ ሙሉውን ነው። ለአባ እንዳትነግራቸው፤ ብቻ ይዘሃቸው ና።"

ከጎንደር ወደ ወገራ ወጥቼ ለአጎቴ "ትርንጎ አዲስ ገመድ ገዝታ የሚያስርላት ትፈልጋለች" አልኳቸው። ውሸት የለበትም። እሳቸውም ከአምናው የጠነከረ ምራን ይዘው መጡ።

ረፋድ፣ ጎንደር

ኮሶዬ ላይ ጉም ነበር። ገደሉን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ስንት ከፍለው የሚያጡትን እኛ በነጻ አጣነው። ከዚያ ቁልቁል፣ ጥምዝ፣ ቁልቁል። ዶሮዎቹ ዝም አሉ። ጎንደር ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

የተወለድኩበትን ከተማ ማማት ልማዴ ነው። የጎንደር ሰው በግንቡ ይኮራል። እኔም በልጅነቴ ኮርቼበታለሁ፤ እያደር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ያንን ግንብ ከመካከላችን ማንም አልገነባውም። አጥሩን ተደግፈን ፎቶ መነሣት የኛ ድርሻ ሆነ። እንዲህ ያለውን ኩራት የውርስ ኩራት እለዋለሁ፤ እንደ ውርስ ገንዘብ ነው፣ ያገኘው ሁሉ ያወጣዋል፣ የሚጨምርበት ግን የለም። ይህን በየሻይ ቤቱ ስናገር ወዳጆቼ ቅናት ነው ይሉኛል። ምን የሚያስቀና ነገር እንዳላቸው ግን አይነግሩኝም።

ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ አራዳ ወርጄ ከብረት ዕቃ ሻጭ በብሎን የሚዘጋ ወፍራም የብረት ቀለበት ገዛሁ። ስለ መርከብና ስለ ባሕር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ገመድን ከሰንሰለት በእንዲህ ያለ ቀለበት እንደሚያገናኙ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። ለአያ ታከለ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩት።

"ማን ሠራው?"

"ፋብሪካ።"

"የፋብሪካ ብረት ነው አምናም የከዳኝ" አሉና መለሱልኝ።

አዘዞ ኬላ ላይ ፈታሹ ጆንያውን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ዘጋ። "እለፉ" አለ። ከዚያ ቀደም እንደዚያ የፈጠነ ፍተሻ አላየሁም።

ቀትር፣ ቆላ ድባ

ደምቢያ ሜዳ ነው። ከደጋ ለወረደ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ዳገት ይናፍቀዋል። የሽምብራ ማሳ፣ የነጭ ሽንኩርት መደብ፣ ጥቁር አፈር፣ ደግሞ የሽምብራ ማሳ። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ አያ ታከለ ጋቢያቸውን መጀመሪያ ከራሳቸው፣ ቀጥሎ ከትከሻቸው፣ በመጨረሻም ጨርሰው አወለቁት።

ቆላ ድባ ለምሳ ቆምን። ሹፌሩ ከእኛ ጋር አንድ ገበታ ላይ ቀረበ፤ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሽሮውን በቃሪያ እያጣጣመ የሚያወራ ሰው ነው።

"ጎርጎራ ለምንድን ነው?" አለ።

"ዘመድ ጥየቃ" አልኩ።

"ሸጋ። ሐይቁ ላይ ከወጣችሁ የጀልባውን መልሕቅ አይታችሁ ውጡ። አምና አንዷን አንድ ደገኛ አባቷ መልሕቋን በምን ቢያስርላት ጥሩ ነው? በበሬ ጠፍር!" ጉሮሮው ውስጥ የነበረውን እስኪውጥ ድረስ ሳቀ። "ሐይቁን ሊያርስበት ነው መሰለኝ።"

አያ ታከለ ጉርሻቸውን መሶቡ ዳር አስቀመጡት።

"ሰንሰለቱ ነው የተበጠሰው" አሉ።

"የለም አባት። ሰንሰለቱማ በቀደም በመረብ ወጣ። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀለበት አልጎደለውም። ጠፍሩ ነው የለቀቀ።"

ሹፌሩ ሒሳቡን ሊከፍል ተነሣ። አያ ታከለ ወደ እኔ ዞሩ።

"ታውቅ ነበር?"

"አዎ፣ አያ።"

"ምነው ዝም አልከኝ?"

"ብነግርዎ ይመጡ ነበር?"

አሰቡበት። "አልመጣም ነበር።"

ወጥተው መንገድ ዳር ቆሙ። ወደ ጎንደር የሚመለስ መኪና ፊታቸው መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ በሩን ከፍቶ "አባት፣ ይገባሉ?" አላቸው። የበሩን እጀታ ያዙ። ጆንያው በሌላ እጃቸው ነው። ያን ጊዜ ምን ልላቸው እችል ነበር? በሕይወቴ ያነበብኩት ሁሉ ለዚያች ደቂቃ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አላዋጣም። ከዚያ እጀታውን ለቀቁ።

"በሰው ዓይን አላምንም" አሉ። "ሰንሰለቱን በራሴ ዓይን ልየው።"



ከሰዓት በኋላ፣ ጎርጎራ

ጣና ከሩቅ ሲታይ ሰማዩ ዝቅ ብሎ የተኛ ይመስላል። ዳርቻው ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከዋርካው በስተጀርባ ከፍ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። የትርንጎ ጀልባ ሰማያዊ ብረት ናት፤ ድንጋይ ላይ የወጣች ጊዜ የተጨረመተው ጎኗ ተቀጥቅጦ ቀለም ተቀብቷል፤ ጠባሳው ግን ይታያል።

ትርንጎ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ደጋ ሳለች ቀጭን ነበረች፤ ሐይቁ ትከሻ ሰጥቷታል።

"ደህና መጡ፣ አባ? መንገዱ አላደከመዎትም?"

"ሰንሰለቱ የት አለ?"

ወደ እኔ አየች። ዓይኔን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

ሰንሰለቱ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አያ ታከለ ተንበርክከው ከመልሕቁ ጀምረው እያንዳንዱን ቀለበት እንደ መቁጠሪያ በጣቶቻቸው አሳለፉት። ቀለበቶቹ ሙሉ ናቸው። የመጨረሻው ቀለበት ላይ የገዛ ምራናቸው ተንጠልጥሏል፤ ነጭ፣ ያበጠ፣ የተዘረጋ፤ ያልታጠበ አንጀት ይመስላል። ቋጠሮው አልተበጠሰም፤ ላልቶ ገመዱን አሾልኮት ነው። በጣታቸው ጨመቁት። ውሃ ወጣው።

"አልደረቀም" አሉ።

"ሐይቅ ውስጥ ምን ያደርቀዋል፣ አባ?"

ምራኑን መልሰው ድንጋዩ ላይ አኖሩት። ትርንጎ የማባበያ ቃል አልጨመረችም፤ ልጃቸው መሆኗን ያን ጊዜ አየሁ።

"የወገራ ውሃ መጥቶ ይሄዳል" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ውሃ አይሄድም።" የጆንያውን አፍ አጠፉትና ወደ ኋላቸው ገፉት። በአጎቴ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ኑዛዜ የለም።

ሁኔታውን ላቅልል ብዬ የብረት ቀለበቴን አወጣሁ። ትርንጎ ሳቀች።

"ወንድም ዓለም፣ ይሄ ለአንድ ቀን ሸጋ ነው። ማዕበሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲነቀንቀው ብሎኑ ራሱን ይፈታል። ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ነው መልሕቁን ለሐይቁ የገበረው።"

"በሽቦ ቢታሰርስ?"

"እሱን ደግሞ ዝገት ይፈታዋል። በየቀኑ እየጠለቅህ የምታይልኝ ከሆነ ይሁን።"

ቀለበቱን ወደ ኪሴ መለስኩት። አሁን የቤቴ መጋረጃ ማሰሪያ ሆኗል።

ትርንጎ አዲሱን ገመድ አምጥታ አባቷ ፊት አስቀመጠችው። የጣት ውፍረት ያለው ነጭ ናይለን ነው። ጫፉን ይዛ የተገመደበትን ፈታችው፤ ሦስት ዘለላ ሆነ።

"አባ፣ የአህያ መጫኛ ሲገምዱ ጫፉ ላይ ዓይን ያወጡለት ነበር። ዘለላዎቹን መልሰው ገላው ውስጥ እየሰገሰጉ። ልጅ ሆኜ ጫፉን የምይዝልዎ እኔ ነበርኩ።"

"እሱ ቃጫ ነው።"

"ይሄም ገመድ ነው። ሦስት ነው፤ ይቁጠሩት።"

ምራን የማይሆን ከሆነ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ የማይሆን ከሆነ ብረት፤ እኔ እስካሁን ያሰብኩት በዚህ ብቻ ነበር። እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ የከረመችው ሌላ ነው፦ ገመዱ በሰንሰለቱ ቀለበት ውስጥ አልፎ በራሱ ላይ ቢመለስና ከራሱ ጋር ቢገመድ የሚፈታ ቋጠሮ አይኖርም። ጅማሮውንና ፍጻሜውን ለይቶ የሚያገኘው የለም።

አያ ታከለ ከኪሳቸው የሾለ የፍየል ቀንድ አወጡ። ዘለላዎቹን በቀለበቱ ውስጥ ሊያሳልፉ ሲሉ ትርንጎ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ይዛ መጣች።

"ብረቱ እንዳይበላው እዚህ ጋ ይልበስ።"

የላስቲኩን ቁራጭ አይተው እጇን ያዙ። "ቆይ" አሉ። ጆንያውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ አዲሱን ምራን አወጡ። ስንት ቀን እንደለፉበት አላውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ነበረው፣ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጭ ነበር። ካራቸውን መዝዘው ጫፉን ቆረጡት። ሲቆርጡት ትርንጎ ፊቷን አዞረች።

"ማሰር ካልሆነለት ይልበስ" አሉ። "ለማሰር መድረቅ አለበት። ለመበላት ግን እርጥብም ቢሆን ቆዳ ከላስቲክ ይሻላል።"

ቁራጩን ዘለላዎቹ በቀለበቱ በሚታጠፉበት ቦታ ላይ ጠቅልለው ሰፉት። ከዚያ በቀንዱ የገመዱን ገላ እየከፈቱ፣ አንዱን ዘለላ ከአንዱ ሥር፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ሥር፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ ከግምዱ አቅጣጫ በተቃራኒ እየሰገሰጉ፣ በእያንዳንዱ ዙር በጉልበታቸው ረግጠው ያጠብቁት ጀመር። እኔ ጫፉን ያዝኩ። ሦስት ዙር እንደ ሞላ ቀንዱን አስቀመጡ።

"በቃ። በዚህ የተያዘች አህያ ከነጭነቷ ገደል ብትገባ አትለቅም።"

"ይጨምሩበት፣ አባ።"

"ምን?"

"ቃጫ ሸካራ ነው፣ ራሱን ይይዛል። ናይለን እንደ ዓሣ ያዳልጣል። ይሄን ያህል ደግመው ይጨምሩበት።"

"አባትሽን ገመድ ልታስተምሪ?"

"ገመዱንማ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ሐይቁን ነው።"

አጉረመረሙ፤ ጨመሩበት። የተረፉትን ጫፎች ትርንጎ በክብሪት አቀለጠችና በድንጋይ ደፈጠጠቻቸው። ሲያልቅ ገመዱ ከሰንሰለቱ በቅሎ የወጣ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ነፋሱ ተነሣ። ጎርጎራ ላይ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ይነፍሳል፤ ሐይቁን በሙሉ ይዞ ወደ ድንጋዩ ይገፋል። ሌሎቹ ጀልባዎች ወደ ዳር ሲመለሱ ትርንጎ ሞተሯን አስነሣች። ተራ አስከባሪው፣ ባርኔጣውን በክር አገጩ ሥር ያሰረ ረጅም ሰው፣ ከዋርካው ሥር ተነሥቶ ቆመ።

"በዚህ ነፋስ የት ልትሄጂ ነው?"

"መልሕቅ ልፈትን።"

አያ ታከለ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ገቡ። ዋና አያውቁም፤ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።

"አባ፣ እርስዎ ዳር ይቆዩ።"

"በእኛ አገር ምራን ያሰረ ሰው የመጀመሪያውን ትልም ራሱ ነው የሚያወጣ። ካልያዘ እርፉ የሚመታው እሱን እንዲሆን። ምነው፣ ረሳሽው?"

አልረሳችውም። እጇን ሰጥታ አወጣቻቸው። አጎቴ ገብተው እኔ ዳር ብቀር ዕድሜ ልኬን ስለሚተርቡኝ እኔም ገባሁ።

ከድንጋዩ ራቅ ብላ መልሕቁን ጣለችው። ሰንሰለቱ ተንኳኩቶ ወረደ፤ ነጩ ገመድ ተከተለው። ሞተሩን አጠፋች። ጀልባዋ በማዕበሉ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ገመዱ ተወጠረና አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረች።

"ዋርካውን ይዩ፣ አባ። ከጀርባው ጉልላቱ አለ። ሁለቱ እንደተደራረቡ ከቆዩ ይዞናል። ከተለያዩ እየተጎተትን ነው።"

አያ ታከለ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ዋርካው ላይ ተከሉ። ማዕበሉ እያነሣ ያፈርጠናል፤ ገመዱ እየተወጠረ ይጮኻል። እኔ የቆላ ድባን ሽሮ ለሐይቁ መለስኩ። ትርንጎ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ከማስነሻው ላይ አላነሣችም፤ የምታየውም ዋርካውን ሳይሆን አባቷን ነበር።

"አልተለያዩም" ይላሉ አያ ታከለ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፦ "አልተለያዩም።"

ነፋሱ ከሌላው ቀን አብልጦ ነበር የነፈሰው፤ ይህን ያለው ተራ አስከባሪው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስትደርስ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ከዳር ተጣራ።

"ትርንጎ! ነገ ተራሽ ነው!"

"የጤፍ?"

"የሰው!"

ከማስነሻው ላይ እጇን አነሣችና መዳፏን አየችው። ከዚያ "እንመለስ፣ አባ?" አለች።

"ነፋሱ ይብቃው መጀመሪያ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከዋርካው ሳያነሡ። "በጀመርኩት ትልም መካከል በሬ አልፈታም።"

ማግስቱ፣ መመለሻ

ጠዋት ሐይቁ ትናንት ምንም እንዳላደረገ ሰው ተኝቶ ነበር። የትርንጎ ጀልባ ተሳፋሪ ሞላች፤ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት ፍየል። አያ ታከለ መልሕቁ ሲወጣ ቆመው ጠበቁ። መጋጠሚያውን ያዙት፤ ቆዳው ርሷል፣ ለስልሷል፣ ብረቱ ያረፈበት ጎኑ ትንሽ ተፍቋል። ከሥሩ ያለው ገመድ ግን እንደ ተገዛበት ቀን ነጭ ነው።

"አሁን ሥራውን አወቀ" አሉ።

ከምራኑ የተረፈውንም ለትርንጎ ተዉላት። የቆዳ ልብሱ ሲያልቅ ምትክ ቁረጪለት አሏት።

ሚኒባሱ ያው የትናንቱ ነበር። ሹፌሩ አያ ታከለን ጋቢና አስቀመጣቸው፤ እኔ ከኋላቸው። ገና ከጎርጎራ ሳንወጣ ወሬውን ጀመረ።

"ያቺ የነገርኳችሁ ሴትዮ ዛሬ ሰው ጭና ወጣች እኮ። ትናንት በዚያ ነፋስ መልሕቋ ያዘላት አሉ። ማን አስሮላት ይሆን?"

"ያው ደገኛው አባቷ" አሉ አያ ታከለ።

ሹፌሩ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ መንገዱን አየ። ከዚያ ደግሞ እሳቸውን። እስከ ቆላ ድባ ድረስ ሬድዮ እንኳ አልከፈተም።

ስለ ጎንደር ግንብ ያልኩትን አልመልስም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ ጀርባዬን ቀና አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት፤ ፊቴ የተቀመጠው ሰው የሚኮራበትን ነገር ትናንት በገዛ እጁ እንደሠራው አይቻለሁና። የገመዱን ጫፍ የያዝኩትም እኔ ነኝ።

ጎንደር ላይ የአምባ ጊዮርጊሱ ሚኒባስ ቆሞ ጠበቀን። ረዳቱ አያ ታከለን ከሩቅ አውቋቸው አፍንጫውን በእጁ ያዘ።

"አባት፣ ያ ግማሽ ሰውዎ የት አለ? ዛሬ ዕቃ የለም?"

አያ ታከለ ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱ።

"ዕቃዬ ሥራ ላይ ነው" አሉ። "ጣና ላይ ጀልባ ይዟል።"